የአውሮፓ የቤተሰብ ስም ከየት መጣ፣ ምን ማለትስ ነው? ከፊደሉ እስከ ትርጉሙ ደረጃ በደረጃ

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ከትርጉሙ ስለሚጀምር ነው። ስሙን ስልኩ ላይ ይጽፋል፤ መጀመሪያ የሚከፈትለት ገጽ «ጥንታዊ የጀርመን ስም፣ ትርጉሙ ጀግና» ይለዋል፤ ከጎኑም አንበሳ የተሣለበት ጋሻ ለሽያጭ ያቀርብለታል። ቆይቶ ሲጣራ አያቶቹ ቼኮች ሆነው ይገኛሉ።

ትርጉም የመጨረሻው ደረጃ ነው። ከእሱ በፊት ፊደሉ፣ ሰውየው፣ ቦታው፣ ዘመኑና የጥንቱ አጻጻፍ በዚሁ ቅደም ተከተል መታወቅ አለባቸው። አንዱን ከዘለላችሁ የምታገኙት የሌላ ሰው ስም ትርጉም ነው። (ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከመጀመራችሁ በፊት

ደብተር ወይም የኤክሴል ሠንጠረዥ አዘጋጁና ስድስት ዓምድ አስምሩ፦ ዓመት፣ ቦታ (መንደሩ፣ አጥቢያው፣ አውራጃው)፣ ስሙ እንደተጻፈ፣ የሰውየው ሥራ፣ የሰነዱ ቋንቋ፣ የመዝገቡ ቁጥርና ገጽ።

ሦስተኛው ዓምድ ላይ አንዲት ፊደል እንኳ አታርሙ። ጸሐፊው ተሳስቶ የጻፈው የሚመስላችሁ አጻጻፍ ብዙ ጊዜ ስሙ በዚያ መንደር እንዴት ይጠራ እንደነበር የሚነግራችሁ እሱ ነው።

የቤተሰቡን ሃይማኖትም ጠይቁ። መዝገቡን ለብዙ መቶ ዓመታት የያዙት አብያተ ክርስቲያናት ስለሆኑ የካቶሊኩ፣ የሉተራኑና የአይሁዱ መዝገብ በተለያየ ቦታ ነው የሚገኘው። ፋሚሊሰርች የሚባለው የዘር ሐረግ መፈለጊያ ድረ ገጽ በነጻ አካውንት ብዙ መዝገብ ያሳያል፤ ደረጃ 3ን በነጻው ሳትሞክሩ ለሚያስከፍል ድረ ገጽ ገንዘብ አታውጡ።

ደረጃ 1፦ ስሙን ወደ ላቲን ፊደሉ መልሱ

በአማርኛ ተጽፎ ያያችሁትን ስም ይዛችሁ ፍለጋ አትግቡ። ፊደላችን ድምፁን ይይዛል፣ አጻጻፉን ግን ይጥላል። «ማየር» ብለን የምንጽፈው የጀርመን ስም መሃሉ ላይ በኤ እና ዋይ፣ በኤ እና አይ፣ በኢ እና ዋይ ወይም በኢ እና አይ ይጻፋል፤ አራቱም የየራሳቸው አካባቢ አላቸው። «ፈርናንዴዝ»ን ደግሞ ለሁለት አገር ሰው አንድ አድርገን እንጽፈዋለን፤ በዜድ ካለቀ የስፔን ነው፣ በኤስ ካለቀ የፖርቹጋል።

1. ስሙን ከፓስፖርት፣ ከልደት ወረቀት ወይም ከመቃብር ድንጋይ ላይ ቅዱ።
2. ከፊደሉ በላይና በታች ያለውን ነጥብ፣ ጭረትና ጅራት ሁሉ ጨምሩ። እግር ኳስ የሚከታተል ሁሉ የሚያውቀው ሙለር ዩ ላይ ሁለት ነጥብ አለው። ነጥቡ ሲጠፋ አንዳንዱ ዝም ብሎ በዩ ይጽፈዋል፣ አንዳንዱ ዩ እና ኢ ያደርገዋል፣ አሜሪካ የገባው ደግሞ ብዙውን ጊዜ ሚለር ሆኗል። ሦስቱንም ለፍለጋ መዝግቡ።
3. የሚመሳሰሉ ድምፆችን እየቀያየራችሁ ቢያንስ ስምንት አጻጻፍ አውጡ፦ ኬ በሲ፣ ቪ በደብልዩ ወይም በኤፍ፣ ዋይ በአይ፣ ነጠላውን ፊደል በድርብ።

ደረጃ 2፦ ስሙ በእርግጥ የቤተሰብ ስም ነው?

እኛ ሁለተኛውን ስም እንደ አባት ስም ማንበብ ለምደናል። ይህ ልማድ እዚህ ያሳስታል። እንግሊዛዊው ጆንሰን «የጆን ልጅ» ቢባልም ያ ጆን ምናልባት በ1300ዎቹ የኖረ ሰው ነው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ከአባት ወደ ልጅ ዝም ብሎ ይወርዳል።

በተቃራኒው አይስላንዶች እስካሁን እንደኛው ናቸው። ጉድሩን ዮንስዶቲር የምትባል ሴት አባቷ ዮን ነው፤ ልጇ በዚህ ስም አይጠራም። አዲስ የቤተሰብ ስም ማውጣትን በ1925 በሕግ ከልክለዋል። ስለዚህ «ዮንስዶቲር የሚባል ቤተሰብ» መፈለግ ድካም ነው።

ስሙ ቋሚ የሆነበትን ዘመን አረጋግጡ፦

- እንግሊዝ፦ በ1400 ገደማ አብዛኛው ሰው የሚወረስ ስም ነበረው።
- ኔዘርላንድ፦ ስም የሌለው ሁሉ እንዲያስመዘግብ ናፖሊዮን ያዘዘው በ1811 ነው።
- ዴንማርክ፦ 1828፤ ገጠሩ እስኪቀበለው ግን ዓመታት ፈጅቷል።
- ስዊድን፦ 1901። ኖርዌይ፦ 1923።
- ሩሲያ፦ ብዙው ገበሬ ቋሚ ስም ያገኘው ከ1861 የገባሮች ነጻ መውጣት ወዲህ ነው።

ሰውየው ከእነዚህ ዓመታት በፊት የኖረ ከሆነ የልጁ ስም ሌላ ሊሆን ይችላል። አትደንግጡ፤ የአባቱን የመጀመሪያ ስም ይዛችሁ ቀጥሉ።

የሴት ስም ከሆነ መጨረሻውን መልሱ። ፖላንድ ውስጥ ኮቫልስካ የኮቫልስኪ ሴት ናት፤ ሩሲያ ውስጥ ኩዝኔትሶቫ የኩዝኔትሶቭ። የስፔን ሰው ሁለት ስም ሲኖረው የመጀመሪያው የአባቱ፣ ሁለተኛው የእናቱ ነው፤ ፖርቹጋል ዘንድ የአባት ስም በተለምዶ መጨረሻ ይመጣል። ሐንጋሪዎች ደግሞ የቤተሰቡን ስም ያስቀድማሉ።

ደረጃ 3፦ አንድ ትውልድ፣ አንድ ሰነድ እያላችሁ ወደ ኋላ ሂዱ

ከምታውቁት ሰው ጀምሩ፤ የልደት ወረቀቱ የወላጆቹን ስም ይሰጣችኋል፣ የእነሱ የጋብቻ ወረቀት ደግሞ የአያቶቹን። መሃል ላይ አንድ ትውልድ በግምት አትዝለሉ። ተመሳሳይ ስም ያለው ባላባት በ1500ዎቹ ስላገኛችሁ የእናንተ ቅድመ አያት አይሆንም።

የመንግሥት የወሳኝ ኩነት ምዝገባ የሚጀምረው ፈረንሳይ በ1792፣ እንግሊዝና ዌልስ በ1837፣ ስኮትላንድ በ1855፣ አየርላንድ ለሁሉም ሃይማኖት በ1864፣ ኢጣሊያ በአገር ደረጃ በ1866፣ ስፔን በ1871፣ ጀርመን በመላ አገሩ በ1876 ነው። ከዚያ በፊት ያለውን በአጥቢያ መዝገብ ትፈልጋላችሁ፤ የእንግሊዙ ከ1538 ትእዛዝ ይጀምራል፣ ፈረንሳይም በ1539 ጥምቀት እንዲመዘገብ አዛለች።

ቤተሰቡ አሜሪካ ወይም ሌላ አገር የተሰደደ ከሆነ ባሕሩን ከመሻገራችሁ በፊት የትውልድ መንደሩን ስም ያዙ። «ጀርመን» ወይም «ሩሲያ» አይበቃም። የዜግነት ማመልከቻ፣ የቤተ ክርስቲያን ጋብቻ መዝገብና የመርከብ ተሳፋሪዎች ዝርዝር ላይ መንደሩ ብዙ ጊዜ ተጽፏል።

ፍለጋው ቢቆም፦

- ስሙን ትታችሁ በመጀመሪያ ስም፣ በልደት ዓመትና በመንደር ብቻ ፈልጉ።
- ወንድምና እህቶቹን ተከተሉ። የክርስትና አባትና እናት፣ የጋብቻ ምስክርም አብዛኛውን ጊዜ ዘመድ ነው።
- «በድምፅ ተመሳሳይ» የሚለውን የፍለጋ ምርጫ ተጠቀሙ፤ ግን አትመኑት። በ1918 የተመዘገበው ሳውንዴክስ የሚባለው የድምፅ ማመሳሰያ ዘዴ የመጀመሪያውን ፊደል ሳይነካ ቀሪውን ወደ ቁጥር ስለሚቀይር በኬ የተጻፈ ክራመር ስትፈልጉ በሲ የተጻፈው አይመጣላችሁም። በሁለቱም ፈልጉ።
- አየርላንድ ከሆነ ደብሊን ያለው የመንግሥት መዝገብ ቤት በ1922 ተቃጥሏል። በ1901 እና በ1911 የተደረጉት የሕዝብ ቆጠራዎች ሙሉ በሙሉ ተርፈዋል፣ በነጻም ይታያሉ፤ ከእነሱ ጀምሩ።

ደረጃ 4፦ አሮጌውን ገጽ በትክክል አንብቡ

ኮምፒዩተር ያነበበውን ዝርዝር አትመኑ፤ የገጹን ፎቶ ራሳችሁ ክፈቱ። የድሮው ረጅም ኤስ ኤፍ ይመስላል። ዩ እና ቪ፣ አይ እና ጄ ሲቀያየሩ ኖረዋል። በጀርመን የእጅ ጽሑፍ ኢ እና ኤን መንታ ናቸው። መላው ይህ ነው፦ እዚያው ገጽ ላይ በእርግጠኝነት የምታውቁትን ቃል (የወር ስም፣ ማርያም የሚለውን) ፈልጉ፣ ጸሐፊው ፊደሉን እንዴት እንደሚጥል አጥኑ፣ ከዚያ ወደ ስሙ ተመለሱ።

የካቶሊክ መዝገብ በላቲን ነው። ፋበር ቀጥቃጭ፣ ሞሊቶር ባለወፍጮ፣ ሳርቶር ልብስ ሰፊ፣ ቴክስቶር ሸማኔ፣ ቪዱዋ ባሏ የሞተባት። እነዚህ ቃላት ከስም ቀጥሎ ሲመጡ ሥራውን ወይም የኑሮ ሁኔታውን ይሆናል የሚነግሯችሁ። አንዳንዱ የተማረ ሰው ግን ስሙን ራሱን ወደ ላቲን ወይም ወደ ግሪክ ገልብጦታል፤ የሉተር ባልደረባ ሜላንክቶን ሲወለድ ሽቫርትስኤርድ ነበር፣ ሁለቱም «ጥቁር አፈር» ናቸው።

አንድ የቀን ወጥመድም አለ። እንግሊዝ ውስጥ እስከ 1752 አዲስ ዓመት የሚገባው መጋቢት 25 ቀን ነበር። የካቲት 1700 ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር የካቲት 1701 ነው። ልጅ ከወላጆቹ ጋብቻ በፊት የተወለደ መስሎ ከታያችሁ መጀመሪያ ይህን አጣሩ።

ደረጃ 5፦ ስሙን ካርታ ላይ አስቀምጡ

ለብሪታንያ የ1881ን የሕዝብ ቆጠራ ተጠቀሙ። ፈረንሳይ ከ1891 እስከ 1990 የተወለዱትን በአራት ዘመን የከፈለ የስም ካርታ አላት። ለኔዘርላንድ የሜርተንስ ተቋም ያጠናቀረው የቤተሰብ ስሞች ማውጫ የ1947ንና የ2007ን ቁጥር ጎን ለጎን ያሳያል። ሁልጊዜ የቆየውን ካርታ ምረጡ፤ የዛሬው ካርታ ሰዉ ሥራ ፍለጋ የት እንደሄደ ነው የሚያሳየው። ብዛቱን ሳይሆን ከነዋሪው አንጻር ያለውን ድርሻ እዩ፤ አለዚያ ማንኛውም ስም ከለንደን የመጣ ይመስላችኋል።

ስሙ አንድ ቦታ ተሰብስቦ ከታየ ከአንድ መንደር ወይም ከአንድ ቤት የወጣ የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው። በየቦታው ከተረጨ ደግሞ እርስ በርስ የማይዛመዱ ብዙ ሰዎች በየራሳቸው ያገኙት ነው። ስሚዝ ሁሉ ዘመድ አይደለም፤ በየመንደሩ ቀጥቃጭ ነበርና።

ደረጃ 6፦ ስሙን በዓይነቱ መድቡ

አሁን ቋንቋው ውስጥ ግቡ። አብዛኛው ስም ከአራት አንዱ ነው።

ሀ. ከአባት የወጣ። ፍንጩ መጀመሪያው ወይም መጨረሻው ላይ ነው። ስካንዲኔቪያ ሴን እና ሶን፣ ስፔን ኤዝ፣ ሩሲያ ኦቭ፣ ኤቭ እና ኢን፣ ዩክሬን ኤንኮ፣ ሮማንያ ኤስኩ። የግሪክ ስም ከነአውራጃው ይናገራል፦ ኦፑሎስ ወደ ፔሎፖኔዝ፣ አኪስ ወደ ቀርጤስ፣ ኢዲስ ወደ ጥቁር ባሕር ዳርቻ ይጠቁማል፤ ፓፓ ብሎ ከጀመረ የዘሩ አባት ቄስ ነበር። የአየርላንድ ኦ «የልጅ ልጅ፣ ዘር»፣ ማክ «ልጅ» ነው። የዌልስ «አፕ» ከአባትየው ስም ጋር ስለተጣበቀ ተደብቋል፤ አፕ ሪስ ፕራይስ፣ አፕ ሐወል ፓወል፣ አብ ኦወን ቦወን ሆነዋል።

ለ. ከቦታ የወጣ። የባስኩ ኤቼቤሪያ «አዲስ ቤት» ነው፤ ሐቪየር የሚለው ስምም ምንጩ ይኸው ነው። እንግሊዝኛው ናሽ «አሽ የሚባለው ዛፍ ዘንድ» ከሚለው ሐረግ ኤን ተሰንጥቃ የገባችበት ነው። ሰው የቦታ ስም የሚወጣለት ከዚያ ሲወጣ መሆኑን አትርሱ፤ መንደሩ ውስጥ ሁሉም የዚያው መንደር ሰው ነው።

ሐ. ከሥራ የወጣ። ታቸር ሣር ክዳን ከዳኝ፣ ሹማከር ጫማ ሰፊ፣ ሹልትስ የእኛን ጭቃ ሹም የሚመስል የመንደር ሹም። የቀጥቃጩ ስም ብቻ አገሩን ይለይላችኋል፦ ሰሜን ፈረንሳይ ለፌቭር፣ ደቡቡ ፋብር፣ ብሪታኒ ለጎፍ፤ ሰሜን ኢጣሊያ ፌራሪ፣ ደቡቡ ፌራሮ፤ ሐንጋሪ ኮቫች፣ ኢስቶኒያ ሴፕ። ጀርመን ውስጥ ሸክላ ሠሪው ምሥራቅ ላይ ቶፕፈር፣ ደቡብ ላይ ሐፍነር፣ በመካከለኛው ራይን ኦይለር ነው። አዲስ አበባ ለኖሩት አርመኖችም ዘዴው ይሠራል፤ የአርባ ልጆች የሙዚቃ መሪ የነበሩት ኬቮርክ ናልባንዲያን ስማቸው «የፈረስ ጫማ መቺው ልጅ» ማለት ነው።

መ. ከቅጽል ስም የወጣ። ራስል ቀይ ጸጉር፣ ካምቤል ጠማማ አፍ፣ ካሜሮን ጠማማ አፍንጫ፣ የሐንጋሪው ናጅ ትልቅ። ስድብ ስለሆነ ቤተሰቡ ቢያኮርፍም ስሙ ያው ነው።

ደረጃ 7፦ ትርጉሙን ፈትኑት

ያገኛችሁት ትርጉም በዛሬው ቋንቋ ወለል ብሎ ከታያችሁ ተጠራጠሩ። ዎከር «ተጓዥ» ይመስላል፤ አይደለም። የድሮ እንግሊዞች አዲስ የተሸመነ የሱፍ ጨርቅ ገንዳ ውስጥ በውሃ ዘፍዝፈው እስኪጠብቅና እስኪወፍር በእግራቸው ይረግጡት ነበር፤ ዎከር ያ ረጋጭ ነው። ይህን ሥራ ደቡብ ምሥራቁ ፉለር፣ ደቡብ ምዕራቡ ተከር፣ ሰሜኑ ዎከር ይለዋል። አሁን ወደ ደረጃ 5 ካርታችሁ ተመለሱ፤ ዎከሩ ከሰሜን ከመጣ ትርጉሙ ጸና።

ሦስት ጥያቄ ጠይቁ፦

1. ቃሉ በዚያ ቦታ፣ በዚያ ዘመን ይህን ትርጉም ነበረው?
2. ጥንታዊው አጻጻፍ ይደግፈዋል? ብሌክ «ጥቁር» ከሚለውም «ገርጣ ያለ» ከሚለውም የድሮ ቃል ሊመጣ ይችላል። አጻጻፉ ካልለየው ሁለቱንም ጻፉ፤ አንዱን በምኞት አትምረጡ።
3. ለስሙ የሚነገረው ተረት ከዘመኑ ጋር ይሄዳል? ሆላንድ ውስጥ ናክትጌቦረን፣ «ራቁቱን የተወለደ»፣ በናፖሊዮን ትእዛዝ ለማላገጥ የወጣ ስም ነው ይባላል። ስሙ ግን ከ1811 በፊትም መዝገብ ላይ አለ፤ የሚያያዘውም አባቱ ከሞተ በኋላ ለተወለደ ልጅ ከሚሰጥ የጀርመን ቃል ጋር ነው።

ኪንግ የሚባል ቤተሰብም የንጉሥ ዘር አይደለም። በበዓል ጨዋታ ንጉሥ ሆኖ የተጫወተ ወይም ንጉሥ ንጉሥ ይመስላል የተባለ ሰው ልጅ ነው።

መንገዱ ሲዘጋ

አባትና ልጅ የተለያየ ስም ካላቸው። ኖርዌይ ውስጥ የእርሻው ስም እንደ አድራሻ ነበር፤ ቤተሰቡ እርሻ ሲቀይር ስሙም ይቀየራል። የጀርመኗ ቬስትፋሊያ ውስጥ ሚስቱ እርሻ ላይ ገብቶ የኖረ ባል የእርሻውን ስም ይይዛል። መዝገቡ ላይ «የሚባለው» የሚል ቃል በሁለት ስም መካከል ፈልጉ።

ስሙ በድንገት ከጠፋ። ተከልክሎ ይሆናል። የስኮትላንዱ ማክግሬጎር በ1603 ታግዶ እገዳው ለመጨረሻ ጊዜ የተነሳው በ1774 ስለሆነ ቤተሰቡ በመሃሉ በሌላ ስም ተመዝግቧል።

ስሙ የተመረጠ ከሆነ። ፑሽካሽ የሐንጋሪ ቃል ነው፣ ከጠመንጃ ጋር የተያያዘ። እግር ኳሰኛው ፈረንጽ ፑሽካሽ ግን ሲወለድ ፑርጸልድ የሚባል የጀርመን ስም ነበረው፤ ቤተሰቡ በ1937 ወደ ሐንጋሪኛ ቀየረው። «ፑሽካሽ»ን ብቻ ብትፈቱ ስለ ዘሩ ምንም አላወቃችሁም። የፑሽኪን ቅድመ አያት አብራም ጋኒባልም «ሐኒባል»ን ራሱ የመረጠው ስለሆነ የትውልድ አገሩን አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ ደግሞ የብዙ ጥቁሮች እንግሊዝኛ ስም የባሪያ አሳዳሪው ስም ነበር፤ ስሙ እንግሊዝ ይወስዳችኋል፣ ደሙ አይወስዳችሁም።

የአይሁድ ስም ከሆነ። ኦስትሪያ በ1787 ቋሚ ስም እንዲይዙ አዘዘች፤ ሌሎችም ተከተሉ። ሮዘንበርግ፣ «የጽጌረዳ ተራራ»፣ አብዛኛውን ጊዜ ለውበቱ የተያዘ ስም ስለሆነ ተራራውን አትፈልጉ። ሮትሺልድ ግን ፍራንክፈርት በሚገኝ ቤት ላይ ከተሰቀለ ቀይ ጋሻ የመጣ ነው። ኮኸንና ሌቪ የካህናትና የሌዋውያን ዘር ምልክት ናቸው።

ስሙ ኤስፖሲቶ ከሆነ። ኔፕልስ ውስጥ ተጥሎ ለተገኘ ሕፃን የሚሰጥ ስም ነበር። የዘሩ መስመር እዚያው ሕፃናት ማሳደጊያው መዝገብ ላይ ይቆማል፤ ከዚያ ወዲያ ያለውን «ክቡር የሮም ቤተሰብ» የሚላችሁን አትስሙ።

«ኤሊስ ደሴት ላይ ቀየሩት» ከተባለ። ከ1892 እስከ 1954 ኒው ዮርክ ላይ ስደተኞችን በምትቀበለው በዚህች ደሴት የሠሩት መርማሪዎች በእጃቸው የነበረው አውሮፓ ወደብ ላይ የተሞላው የመርከቡ ዝርዝር ነው፤ ስም አያወጡም ነበር። ለውጡን ከዚያ በኋላ በወጡት የዜግነትና የሥራ ወረቀቶች ውስጥ ፈልጉ።

ጋሻ ሊሸጥላችሁ የሚመጣ ካለ። በ1484 የተቋቋመው የእንግሊዝ የአርማ ኮሌጅ ለቤተሰብ ስም የሚሰጥ አርማ የለም ይላል፤ አርማ የሚሰጠው ለአንድ ሰው፣ የሚወርሰውም የዚያ ሰው ዘር ነው። ብራችሁን ኪሳችሁ አቆዩት።

ውጤቱን ስትጽፉ

በአንድ ቃል አትጨርሱ። አራት መስመር ጻፉ፦ የዛሬው አጻጻፍ፤ ያገኛችሁት ጥንታዊ አጻጻፍ ከነዓመቱና ከነቦታው፤ ትርጉሙ፤ የእርግጠኝነቱ ደረጃ («የተረጋገጠ»፣ «የሚመስል»፣ «ያልተለየ»)። እንበል፣ ኦሃዮ ያለ አንድ ሚለር ከባቫርያ መንደር ተገኘ፣ መዝገቡም በ1742 ሙለር ብሎት፣ ሥራውን ግን ሸማኔ ብሎታል። አራተኛው መስመር እንዲህ ይሆናል፦ «ስሙ ባለወፍጮ ማለት ነው፣ የተረጋገጠ፤ ወፍጮ የነበረው ሰው ማን እንደሆነ ያልተለየ፤ በ1742 ቤተሰቡ ሸማኔ ነበር።»